ኢ-ሪደር ስትገዙ መብራቱን ጨለማ ውስጥ እዩት

የመጀመሪያውን የላከችልኝ እህቴ ናት፤ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ኢ-ሪደር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ እፈልጋለሁ ካልኳት ዓመት አልፎ ነበር። ቅናሽ ሲደረግ ገዛችልኝና ካርቶኑን ሳትከፍት ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሰጠችው። ሰውየው ጉዞውን አራዘመ። ዕቃው እጄ የገባው በተገዛ በ7ኛው ሳምንት ነው።

የከፈትኩት ቀን ላይ፣ በረንዳ ተቀምጬ ነው። ሲያምር! ልክ ወረቀት ነው የሚመስለው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ጭራሽ ይጠራል። ማታ መብራት ጠፋ። ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ጨለመ፣ እኔም ለዚህ ቀን ነው ያስመጣሁት ብዬ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩና አበራሁት። ያን ጊዜ ነው ጉዱን ያየሁት። ከታችኛው ጠርዝ 4 የብርሃን ጨረሮች ወደ ላይ ተተኩሰዋል፤ ግድግዳ ፊት የቆመ መኪና የፊት መብራቱ የሚጥለው ዓይነት ነው፣ በመካከላቸው ጥላ። የገጹ ግራ ጎን ሰማያዊ ይላል። ቀኙ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መስሏል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ በደረስኩ ቁጥር ዓይኔ ፊደሉን ትቶ ጨረሩን ይከተላል።

በነጋታው እህቴ ጋ ደወልኩ። «መመለሻው እኮ አልፏል፣ 30 ቀን ነበር የሰጡኝ። ምነው ያኔውኑ በነገርከኝ!» አለች። ያኔውኑ እንዳልነግራት ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ነበር።

መገናኛ አንድ ጎበዝ የሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ዞር ዞር አድርጎ አየው፣ በስልኩ ባትሪ ጎን ለጎን አበራበት፣ ከዚያ ሳይነካው መለሰልኝ። መብራቱን የሚያሰራጨው ፕላስቲክ ከስክሪኑ ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፣ ልለየው ብል ስክሪኑ ይሰነጠቃል አለኝ። ሐቁን ስለነገረኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼም ጎረቤቶቼም ማንበቢያ ሲመጣላቸው እስቲ እየው ይሉኛል። እኔም ሳይ ሳወዳድር፣ የሌሎችን ቅሬታ ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ። ያወቅኩትን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። የስልክና የታብሌት ብርሃን ከስክሪኑ ጀርባ ወይም ከራሱ ከስክሪኑ መጥቶ በቀጥታ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። የኢ-ሪደር ስክሪን ግን ጀርባው ብርሃን የለውም። ኢ-ኢንክ ይባላል፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ከውጭ ያረፈባቸውን ብርሃን እየመለሱ ነው የሚታዩት፣ ልክ እንደ ወረቀት። ስለዚህ መብራቱ ከፊት መምጣት አለበት። ፍሬሙ ስር፣ ጠርዙ ላይ፣ ኤልኢዲ የሚባሉ ጥቃቅን መብራቶች ይደረደራሉ። ከስክሪኑ በላይ ስስ ግልጽ ፕላስቲክ አለ። ብርሃኑ በጠርዝ ገብቶ በዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ይጓዛል፤ በዓይን የማይታዩ ነጥቦች ደግሞ በየመንገዱ እየያዙ ወደ ፊደሉ ያወርዱታል። ኤልኢዲው አጠገብ ብርሃኑ ገና አልተበተነም። እኔ ያየሁት ጨረር ይሄ ነው።

ቀለሙስ? ነጭ ኤልኢዲ የምንለው ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣ ቺፕ ነው፣ ላዩ ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ቅብ ተቀብቶ ነው ነጭ የሚመስለው። ቅቡ ወፈር ካለ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሳሳ ካለ ወደ ሰማያዊ። እንግዲህ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ተመሳሳይ ማንበቢያዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የወተት ነጭ፣ ሌላው ሮዝ ነገር ቢመስል አይግረማችሁ። ቅሬታ ስታነቡ አንዱ «እንከን የለውም» ይላል፣ ሌላው ስለዚያው ሞዴል «ገንዘቤን በላኝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የያዙት ዕቃ ይለያያል።

ቅሬታው አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ኪንድል፣ የአማዞን ማንበቢያ፣ በ2007 ሲወጣ መብራት አልነበረውም፣ ማታ ለማንበብ እንደ መጽሐፍ የክፍል መብራት ማብራት ነበረባችሁ። በ2008 ሶኒ ጎኑ ላይ ኤልኢዲ ያለው አወጣ፤ ሰው ብርሃኑ እኩል አይደለም፣ ፊደሉም ደበዘዘ ብሎ አማረረ። መብራቱ በደንብ የተለመደው በ2012 ነው፣ የሌሎች ኩባንያዎቹ ኑክና ኮቦ ግሎ፣ የአማዞኑም ኪንድል ፔፐርዋይት በአንድ ዓመት ተከታትለው መብራት ይዘው ሲመጡ። ያ የመጀመሪያው ፔፐርዋይት 4 ኤልኢዲ ነበረው። ከታች ጥላ ይታያል የሚለው ስሞታ በዝቶ አማዞን ራሱ በሽያጭ ገጹ ላይ የታችኛው ብርሃን ፍጹም እኩል እንዳልሆነ ጽፎ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ችግሩ የእኔ ዓይን እንዳልሆነ ልቤ ያረፈው።

በቁጥር ካያችሁት ለውጡ ግልጽ ነው። የ2018ቱ ፔፐርዋይት 5 ኤልኢዲ ነበረው። የ2021ዱ ወደ 17 ወጣ፤ ከነጩ ጋር ሞቅ ያለ፣ ማለትም ወደ ብርቱካንማ ያደላ፣ ቀለም የሚሰጡ ተጨመሩበት። የ2019ኙ ኪንድል ኦኤሲስ 25 ነበረው። ኤልኢዲው ሲበዛ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል፣ ጨረሩም እየጠፋ ይሄዳል። ርካሹ ኪንድል ግን በ2022 ሞዴሉም 4 ኤልኢዲ ነው ያለው፣ ቀለሙን የሚያሞቅ መብራትም የለውም። ቀን ቀን ለሚያነብ ይበቃዋል። ማታ ማታ ለሚያነብ ሰው ግን ትንሽ ጨምሮ ከፍ ያለውን ቢገዛ እመክራለሁ።

ሆኖም ቁጥር ብቻውን አያድንም። ሁለተኛዬን ስገዛ ተጠንቅቄ ብዙ ኤልኢዲ ያለው መረጥኩ። በዚህ ጊዜ እህቴን ለመንኳት፦ ዕቃው እንደደረሰሽ ክፈቺው፣ ማታ ቪዲዮ እንደዋወል። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ገባች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ከበሩ ስር የሚገባውን ብርሃን በፎጣ ደፈነችው። ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ 5 ደቂቃ ያህል ዝም ብለን ስለ እናታችን ጤና አወራን። ከዚያ ባዶ ገጽ ከፈተች።

በካሜራው የታየኝ ሰማያዊ ነገር ነው። ደነገጥኩ። ግን የስልክ ካሜራ ጨለማ ውስጥ ቀለሙን ራሱ ነው የሚገምተው፣ ያልሆነውን ያሳያል። ስለዚህ «ካሜራውን ተዪው፣ በዓይንሽ ያየሽውን ንገሪኝ» አልኳት።

«ነጭ ነው። ቆይ... ቀኝ ማዕዘኑ ላይ ሮዝ ነገር አለ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ዓይነት። ደግሞ መሀል ላይ አንዲት ነጥብ ታበራለች፣ ኮከብ ነገር።»

«ገልብጪው፣ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ታች።»

«ገለበጥኩት። ሮዙ አሁን ግራ፣ ታች ነው።»

ይቺን ዘዴ ያዟት። ስትገለብጡት ጥላው ወይም ቀለሙ አብሮ ከዞረ ችግሩ የዕቃው ነው። ባለበት ከቆመ ግን ከክፍሉ ብርሃን ወይም ከአያያዛችሁ የመጣ ነው። የኮከቧ ነጥብ ደግሞ በመብራት ሰጪው ፕላስቲክ ውስጥ የገባች አቧራ ወይም ትንሽ ጉድለት ናት፤ ቀን አትታይም፣ ማታ ግን አንድ ጊዜ ካያችኋት ዓይናችሁ ሁልጊዜ እሷን ነው የሚፈልገው። እህቴ በነጋታው መለሰችው፣ ምትኩ በሳምንቱ መጣ። ያንንም መታጠቢያ ቤት አስገባችው። ንጹሕ ነበር። ዛሬም የማነበው በእሱ ነው።

ስትፈትሹ ብርሃኑን ከፍተኛው ላይ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ሰው ሁሉ ማክስ አድርጎ አይቶ ይዘጋዋል። ጨለማ ውስጥ ማንም በዚያ ብርሃን አያነብም። የምታነቡበት ደረጃ ላይ አድርጉት፤ የኪንድሉ መለኪያ እስከ 24 ነው፣ ከ5 እስከ 10 ባለው ላይ እዩት፣ የኮቦው በመቶኛ ነው፣ 10 በመቶ አካባቢ። ቀጥሎ ዝቅተኛው ላይ አውርዱት። አንዳንዱ ዝቅተኛው ራሱ ለጨለማ ክፍል ይበዛል፣ አጠገባችሁ የተኛ ሰው ካለ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በመጨረሻ የሙቀት ቀለሙን ዜሮ፣ ቀጥሎ ሙሉ አድርጉ። ነጩና ብርቱካንማው ኤልኢዲ እየተፈራረቁ የተደረደሩ ስለሆነ አንዱ ብቻ ሲበራ ንጹሕ የነበረው ሌላው ሲበራ ጠርዙ ላይ ሊዥጎረጎር ይችላል። ካቨር ካለውም አውልቁ፣ ጥላ ይጥላል።

ስለ ሞቃቱ መብራት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። እኛ ብሎክ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። የቀኝ ዓይናቸውን የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ተደርገዋል፣ ግራው ገና ነው። አንድ ቀን ማንበቢያዬን ወስጄ ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ እንዴት ያዩታል?»

«ፊደሉ መተለቁ ደስ ይላል። ግን ሰማያዊ ነው እኮ ልጄ።»

እኔ የማየው ነጭ ነው። ከዚያ ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «አሁን ደግሞ ቢጫ ሆነ!» አሉ። ግራቸውን ሸፈኑ፣ ሰማያዊ። እንደገና ቀኛቸውን፣ ቢጫ። እንዲህ እያፈራረቁ ቆዩ፣ በጣም ገርሟቸው ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የዓይናችን የተፈጥሮ ሌንስ በዕድሜ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል። በቀዶ ሕክምና ግልጽ ሌንስ ሲተካ ያ ሁሉ ሰማያዊ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ለወላጆቻችሁ የምትገዙ ከሆነ በራሳችሁ ዓይን ብቻ አትፍረዱ፣ ለእነሱ ስጧቸውና ራሳቸው ያስተካክሉት። ጋሼ ሙቀቱን ሲሶ ያህል ከፍ አድርገው ተስማማቸው። ሙሉ ቢጫ ሲሆን ግን «ፊደሉ ሳሳብኝ» አሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ ገጹ ቢጫ በሆነ ቁጥር ጥቁሩ ከጀርባው የሚለይበት ልዩነት ይቀንሳል።

ሞቃት መብራት እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ የሚነገረው ላይ ጥንቃቄ ይሻላል። ብዙ የሚጠቀሰው የ2014ቱ የአሜሪካ ጥናት የተሠራው ሙሉ ብርሃኑ በርቶ ለ4 ሰዓት በተነበበ አይፓድ ነው፣ የተሳተፉትም 12 ሰዎች ነበሩ። በኢ-ኢንክ ዝቅ ባለ ብርሃን ላይ የተለካ ነገር አይደለም። እኔ ሞቃቱን የምወደው ለዓይኔ ስለሚለሰልስ ነው። ባይኖረኝ ግን ብርሃኑን ዝቅ አድርጌ አነብ ነበር።

ባለቀለሞቹን በተመለከተ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። የቀለም ስክሪን ማለት ከጥቁርና ነጩ ስክሪን በላይ የቀለም ማጣሪያ የተነጠፈበት ነው። ማጣሪያው ብርሃን ይበላል። ስለዚህ መብራቱ ሲጠፋ ገጹ የጋዜጣ ወረቀት ይመስላል፣ ቀንም ቢሆን መብራቱን ማብራት ያምራችኋል። በኮቦ ሊብራ ከለርና ክላራ ከለር ላይ ያለው ስክሪን ጥቁሩን ፊደል በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ ማለትም 300 ጥቃቅን ነጥብ፣ ነው የሚያወጣው፣ ቀለሙን ግን በ150። ኪንድል ከለርሶፍት በጥቅምት 2024 ሲወጣ ዋጋው 280 ዶላር ገደማ ነበር። ወዲያው ከታች በኩል ቢጫ መስመር ይታያል የሚል ቅሬታ መጣ፤ አማዞንም ችግሩን አምኖ ለገዙት ቀየረላቸው። የልጆች ሥዕል መጽሐፍ ወይም ካርታ ለሚያይ ቀለሙ ይጠቅማል። ልብ ወለድና ታሪክ ብቻ ለምታነቡ ጥቁርና ነጩ ይሻላችኋል፣ እኔ በዚህ አልጠራጠርም።

አሁን የእኛ ጉዳይ። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ግምገማ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ የግዕዝ ፊደል በብርሃን ጥራት ይበልጥ ይጎዳል። የእኛ ፊደል የሚለየው በትንንሽ ነገር ነው። ለ እና ሌ የሚለያቸው እግር ስር ያለች ቀለበት ናት። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች ጭረት ነው። ስክሪኑ 167 ፒክስል ብቻ ያለው የድሮ ርካሽ ሞዴል ላይ፣ ያውም የታችኛው ጥላ ባለበት መስመር ላይ ሲሆን፣ ቀለበቷ ትደፈናለች። እኔ የመጀመሪያው ማንበቢያዬ ላይ «ቤት» የሚለውን «ቢት» እያልኩ ወደኋላ ተመልሼ አነብ ነበር፣ ያውም ሁልጊዜ ጥላው ላይ ስደርስ። ስለዚህ ለአማርኛ ከሆነ ከ300 ፒክስል አትውረዱ።

ፊደሉ በሳጥን በሳጥን ከመጣባችሁ ደግሞ አትደንግጡ። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉት ነጻ ፎንቶች አሉ። በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኙት፣ ፎንቱን ፎንትስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ጨምሩት፤ ኪንድልም ኮቦም ይቀበላሉ። ከዚያ ከፎንት ምርጫው ላይ ምረጡት። ወፈር ያለ ፎንት ምረጡ። ቀጭኑ ፎንት ስልክ ላይ ያምራል፣ እዚህ ግን ብርሃኑ ይውጠዋል። በቴሌግራም የሚዞረው በስካነር የተነሳ ፒዲኤፍ ሌላ ፈተና ነው፤ የድሮ መጽሐፍ ወረቀቱ ራሱ በጥቁር የተቀባ ይመስል ግራጫ ሆኖ ይመጣል፣ ገጹም ባለ 6 ኢንቹ ላይ ይጠባል። ለእሱ መብራቱን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ጥቁርና ነጩን የሚያለያየውን ማስተካከያ ብትጨምሩ ይሻላል። ብርሃን ብቻ ስትጨምሩ ግራጫውም አብሮ ይደምቃል።

ስለ ስክሪኑ ገጽታ ደግሞ፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስክሪኑ ከፍሬሙ ጋር እኩል ነው፣ ከ2018 ወዲህ ያሉት ፔፐርዋይቶች እንዲህ ናቸው። ለማጽዳት ይመቻል፣ ግን የጣሪያውን አምፖል እንደ መስታወት ያሳያችኋል። ሌላው ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው፣ እንደ ኮቦ ክላራ። ነጸብራቁ ያንሳል፣ ፊደሉም ይበልጥ ወረቀት ይመስላል፣ ማዕዘኑ ላይ ግን አቧራ ይሰበስባል፣ የፍሬሙም ጥላ ትንሽ ይወድቅበታል። ይህን ጥላ እንደ ብልሽት ቆጥረው የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ ብልሽት አይደለም፣ በቀን ብርሃንም መብራቱ ጠፍቶ እያለ ይታያል። ጎድጓዳውን ስትይዙ ጭረት ተጠንቀቁ። የወንድሜ ልጅ የአንድ ጓደኛዬን ማንበቢያ በቁልፍ ጫረው፤ ቀን ምንም አይታይም ነበር፣ ማታ መብራቱ ሲበራ ጭረቷ እንደ ክር ታበራ ጀመር። ብርሃኑ የሚያልፍበት ፕላስቲክ ስለተነካ በዚያች መስመር ያመልጣል። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት።

አሁን ከውጭ ዕቃ ለሚልክልኝም ሆነ ለጓደኞቼ ለሚልክ ሰው አንድ መልእክት ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፣ እየቀዳሁ እልካለሁ። እናንተም ውሰዱት፦

«ዕቃው እንደደረሰ ክፈቱት፣ ታሽጎ እንዲመጣ አንፈልግም። የመመለሻውን ቀን ካላንደር ላይ መዝግቡ። በዚያው ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ባዶ ገጽ ክፈቱ፣ በዝቅተኛ ብርሃን፣ በነጩም በሞቃቱም። ጨረር፣ የቀለም ለውጥ ወይም የምታበራ ነጥብ ካለ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ታች ገልብጡት። አብሮ ከዞረ በነጋታው መልሱት። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ለመንገደኛ የምትሰጡት ከዚህ በኋላ ነው።»

የመጀመሪያዋ ማንበቢያዬ አልተጣለችም። የጋሼ የልጅ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እሷ ጋ ነው ያለችው። መብራቱን ጨርሳ አጥፍታ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ታነብባታለች።